ለእናቶች ሲባል

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት የስፌት መኪናዋ የሚቀመጠው በገበያው መሀል፣ በአንዲት ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። ሰው ጨርቁን ከውስጥ ይገዛል፤ ዞር ሲል እናቴ ሜትሯን ባንገቷ አንጠልጥላ ትጠብቀዋለች። ነጋዴዋ የታች ሰፈር ሴት ናት፣ እኛ የላይ ሰፈር ሰዎች ነን፣ ገበያው በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ነበር። ነጋዴዋን ሰው ሁሉ ጣቃ እያለ ነው የሚጠራት፤ እናት አባቷ ያወጡላትን ስም ራሷም የረሳችው ይመስለኛል። ደንበኛ ለመልኩ የማይሆን ቀለም የመረጠ እንደሆነ ሁለቱ በዓይን ይጠቃቀሱና አንዷን ሳል ይይዛታል፣ ሌላዋ የወደቀ መርፌ ፍለጋ ታጎነብሳለች። እኔና ወንድሜ ይህን እያየን ነው ያደግነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሩቅ ቦታ፣ በማናውቃቸው ሰዎች መካከል የተጀመረ ጠብ ነበር፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን የጎረቤት ጠብ ሆኖ ደረሰ። የላይ ሰፈር ጎረምሶች ወደ ታች፣ የታች ሰፈር ጎረምሶች ወደ ላይ ተኮሱ። ገበያው ነደደ። ወንድሜ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ከሥራ ሲመለስ ገበያው ጥግ ላይ ተመትቶ ወደቀ። ስናገኘው የሽቦው ጥቅል ከትከሻው አልወረደም ነበር። በዚያው ሰሞን የጣቃ ቤት ተቃጠለ፤ ባሏ ዕቃ ላውጣ ብሎ ገብቶ ጭሱ ደረቱን ጎዳውና ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ወንድሜን የመታው ከእነሱ ወገን ነው፣ የእሷን ቤት ያቃጠለው ከእኛ ወገን ነው። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ስም የሚጠራ ግን አልነበረም።

እናቴና ጣቃ ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። የእናቴ መኪና ከገበያው ጋር ተቃጥሎ ነበርና ከዘመድ ያገኘችውን አሮጌ መኪና መኝታ ቤቷ መስኮት ሥር አስቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትጠግን ጀመር። አዲስ ልብስ ላሰፋ የሚል አልነበረም። ጨርቁስ ከየት ይመጣል? ጨርቁ ታች ነው፣ ሰፊዋ ላይ ናት።

ሰላም ወረደ ሲባል የመልሶ ግንባታ ቢሮ ተከፈተ። አስተባባሪ ሆኖ የመጣው ሰው ገና ጎልማሳ ነው፤ ጫማው አቧራ አይነካውም፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። በየንግግሩ መሀል «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ካላለ ትንፋሽ የሚያጥረው ስለሚመስል ሰው አቶ ተሳትፎ የሚል ስም አወጣለት። የሰፈራችን ሊቀመንበር ደግሞ ድሮ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ የነበረ ሽማግሌ ነው። ከአስተባባሪው ጎን ሲቆም ሰውየው ገና አፉን ሳይከፍት የእሱ አንገት መነቅነቅ ይጀምራል።

ኮሚቴ ሲቋቋም እናቴን መረጧት። መረጧት ስል እጅ የወጣላት እንዳይመስላችሁ፤ ሊቀመንበሩ ቤት ድረስ መጥቶ ልጇን ያጣች እናት ብትኖርበት ለኮሚቴው ክብር ነው ብሎ ነገራት። እኔ ይቅርብሽ ብያት ነበር። እሷ ግን ስለ ገበያው የሚጠይቀኝ ሰው ከተገኘ ምን ያስቀረኛል ብላ ገባች።

ለመጀመሪያው ስብሰባ ሁለቱ ሰፈሮች የተጠሩት ለየብቻ ነበር፤ ለጸጥታ ሲባል ነው ተባለ። አቶ ተሳትፎ መጀመሪያ ምን ይሠራላችሁ ብሎ ጠየቀን። ውሃ ያለ ነበር፣ የመንገድ መብራት ያለም ነበር። አብዛኛው ሰው ግን ገበያው አለ። ገበያው ከቆመ ሰው ሥራ ያገኛል፣ ሌላው ቀስ እያለ ይደርሳል ተባለ። አቶ ተሳትፎ አመሰገነን፣ አጨበጨብን፣ ፎቶግራፍ ተነሣን። እናቴን መሀል አቆሟት። ጥቁር ልብሷ በደንብ እንዲታይ ሊቀመንበሩ ከፊቷ የነበረውን ሰው በእጁ ገለል ሲያደርገው አየሁ።

ከዚያ ወራት አለፉ። ኮሚቴው አንድም ቀን አልተጠራም። እናቴ መንገድ ላይ ሊቀመንበሩን ባገኘችው ቁጥር ትጠይቀዋለች፤ እሱም ጥናት ላይ ነው ይላታል።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ወደ ትምህርት ቤት የምሄደው በተቃጠለው ገበያ በኩል ነው። አንድ ጠዋት ስደርስ ሠራተኞች ችንካር ተክለው፣ ገመድ ወጥረው ይቆፍራሉ። ጉድጓዱ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ለሁለት ይከፍለዋል። ኃላፊያቸውን ምንድን ነው የምትሠሩት አልኩት።

«ግንብ ነዋ። ከዚህ ወዲህ የላዮቹ ገበያ፣ ከዚህ ወዲያ የታቾቹ። በራቸውም ለየብቻ ነው።»

ማን አዘዘ ብዬ ብጠይቀው ሕዝቡ ራሱ ነው የጠየቀው አለኝ፤ ከየት የመጣች ናት በሚል ዓይን እያየኝ።

ከትምህርት በኋላ ሊቀመንበሩ ጋ ሄድኩ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የጠየቁት ቤታቸው የተቃጠለባቸው የታች ሰፈር ሴቶች ናቸው አለኝ። ባሏን የቀበረች ሴት ከላይ ሰፈር ሰው ጎን ተቀምጠሽ ነግጂ ትባላለች እንዴ፣ እኛም ብንሆን ፍርድ ሊኖረን ይገባል አለ። የማንንም ስም አልጠራም፤ እኔ ግን ጣቃን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። የዩኒፎርም ኪስ እየለጠፈች ነበር። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «እሷ ከጠየቀች ልትጠይቅ ይገባታል» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ዝም አይነቅዝም የምትል ሴት ናት እናቴ። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ በገበያው ሳልፍ ጉድጓዱን ላለማየት ፊቴን አዞር ጀመር።

በዚያው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ጣቃ ቤታችን መጣች።

ከጦርነቱ ወዲህ ከታች ሰፈር ወደ እኛ መንገድ የወጣ ሰው አልነበረም። በራችን ሲንኳኳ የጎረቤቱ መስኮት ሁሉ ተከፍቶ ነበር። ጣቃ ከስታለች፤ ያ ሁሉ ሰውነት የት እንደሄደ እንጃ። እናቴ ወንበር ስታሳያት አልቀመጥም አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። መልሱን ሰምቼ እሄዳለሁ።»

«ጠይቂኝ» አለች እናቴ። እጇ ከመኪናው መዘውር ላይ አልተነሣም።

«ግንቡን ያስጀመርሽው አንቺ ነሽ አሉን። ልጇን ያጣችዋ እናት ከታች ሰፈር ሰው ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አልችልም ብላ በኮሚቴ ጠይቃለች፣ ለእናቶች ሲባል ነው የሚሠራው ብሎ አስተባባሪው በሰው ፊት ነገረን። እኔ በልቤ፣ ብትል አልፈርድባትም አልኩ። ግን ከሰው አፍ ሰምቼ ከምቀር ካንቺው ልስማው ብዬ ነው።»

እናቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ እኔ ዞረች። እኔ የተባልኩትን ለጣቃ ነገርኳት፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ መባሉን።

«እኔም አልፈርድባትም ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለች እናቴ።

ያኔ ተቃቅፈው ተላቀሱ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። አልተቃቀፉም። ጣቃ ውሃ ስሰጣት እንኳን አልተቀበለችኝም። እናቴ ተነሣች፣ ከልብሷ ላይ የክር ቁርጥራጭ አራገፈች። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ቢሮው ከተከፈተ ወዲህ በልጄ እግዜር ያጥናሽ ሊለኝ አንድ ሰው ከዚያ አልመጣም፣ አሁን መሠረት መጣያ ሲያጡ ሬሳው ትዝ አላቸው አለች። ሻርፗን አንሥታ ወጣች። ጣቃም ተከተለቻት። በመካከላቸው ሌላ ሁለት ሰው የሚያሳልፍ ቦታ ትተው ጎን ለጎን ወደ ቢሮው ሄዱ፤ እኔ ከኋላ ነበርኩ። በየደጁ የቆመው ሰው ጨዋታውን እያቋረጠ አየን።

አቶ ተሳትፎ ስብሰባ ላይ ነው ተባልን። ኮሪደሩ ውስጥ በነበረው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠን ጠበቅነው። በመጨረሻ ሲወጣ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያይ ፊቱ ትንሽ ተለዋወጠ፤ ቶሎ ግን ፈገግ አለ። እማማ እያለ ወደ ቢሮው አስገባን። ብዙ አስረዳን። በሌሎች ከተሞች የተደባለቀ ገበያ ጠብ እንደሚያነሣ በጥናት ተረጋግጧል አለ። ግንቡ ለጊዜው ነው አለ። ዕቅዱ በበላይ አካል ጸድቋል አለ። እናቴ እስኪጨርስ ጠበቀችውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ እኔ ግንብ ይሠራልኝ ያልኩት መቼ ነው?

«በቀጥታ ባይሉትም፣ እማማ፣ ስሜትዎን አንብበን ነው።»

«ስሜቴን ከየት አነበቡት? ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

አቶ ተሳትፎ ማስታወሻ ደብተሩን ገለጠ። በመጪው ሳምንት የሕዝብ መድረክ ስላለ ሐሳብዎን እዚያ ያቅርቡ አላት። ጣቃ መድረኩ ለሁለቱም ሰፈር ነው ወይ ብላ ስትጠይቀው ለጸጥታ ሲባል ለየብቻ ነው አለ። ጣቃ እኛም እንመጣለን አለችው። ፈቃድ አልጠየቀችውም፤ ነገረችው።

መድረኩ የተደረገው እኔ በማስተምርበት ክፍል ነበር። ትልልቅ ሰዎች ጉልበታቸው ከልጆች ዴስክ ሥር አልገባ እያለ ወደ ጎን ዞረው ተቀመጡ። ጣሪያው በአንድ በኩል ገና አልተጠገነም፤ ያ ወገን በሸራ ተሸፍኗል። ስብሰባው ሊጀመር ሲል የታች ሰፈር ሰዎች መጡ። ቦታ ስላልነበረ በበሩና በመስኮቶቹ በኩል ቆሙ፤ ጣቃ ከፊት ነበረች። ከእኛ ሰዎች ጥቂቶቹ ተነሥተው ወጡ። አንዱ ሲወጣ የጣቃን ትከሻ ሆን ብሎ ገፍቷት አለፈ። እሷ ንቅንቅ አላለችም። የተቀመጠው ሰው አቀርቅሯል። ትንሽ ነገር ቢነሣ ሁሉም እንደሚፈነዳ ይታወቅ ነበር፤ የቢሮው ጥበቃዎችም በር ላይ ተጠግተው ቆመዋል።

አቶ ተሳትፎ ወደ ሰሌዳው ሄደ። ለነገ የጻፍኩትን የማባዛት ሰንጠረዥ አንድም ቃል ሳይጠይቀኝ በዳስተር ጠረገውና ሁለት አራት ማዕዘን ሳለ፤ በመካከላቸው መስመር አሰመረ።

«ይህ የላይ ገበያ፣ ይህ የታች ገበያ ነው» አለ። «ይህች መስመር ሰላም ናት።»

ሊቀመንበሩ ተነሥቶ ቀጠለ። ልጆቻቸውን ያጡ እናቶቻችን ቁስላቸው በየቀኑ እንዳይነካ ነው፣ ለእነሱ ሲባል ነው እያለ እጁን ወደ እናቴ ዘረጋ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እናቴ ከዴስኩ ውስጥ ለመውጣት ጥቂት ታገለች፤ እኔ ክንዷን ያዝኩላት።

«እኔ አልጠየቅሁም» አለች። «ይቅር ብያለሁ ብላችሁም እንዳታስቡ፤ አላልኩም። ልጄን የመታው ሰው እዚህ መስኮት ላይ ከቆሙት አንዱ ሊሆን ይችላል። ግንብ የማልፈልገውም ለዚሁ ነው። ግንብ ከተሠራ ያ ሰው በወዲያኛው በር ይገባል፣ በወዲያኛው በር ይወጣል፣ ዕድሜ ልኩን እኔን ሳያየኝ ይኖራል። ለምን? ቲማቲም ሲገዛ ይየኝ። ሱሪ ሲያሳጥር ይየኝ። ሱሪውን አሳጥርለታለሁ፣ ቀና ብዬም አየዋለሁ። ከዚህ ሌላ ምን ቀርቶኛል?»

ከዚያ ወደ አቶ ተሳትፎ ዞረች። እስከዚያ ሰዓት እርስዎ ነበር የምትለው።

«እኔ ኮሚቴ ነሽ ተብዬ አንድ ቀን ተጠርቼ አላውቅም። ጥቁር ልብሴን ነው የወሰድከው። ልጄን ግን ላንተ የሰጠሁህ የለም።»

ከበሩ በኩል ጣቃ ተናገረች፤ የእኔን ቤት ያቃጠለው ሰው ከእነዚህ ወንበሮች ባንዱ ተቀምጦ ይሆናል፣ እሱም እንዲያየኝ እፈልጋለሁ አለች። ማንም ማንንም አላየም። ሁሉም የራሱን ጉልበት ነበር የሚያየው።

አቶ ተሳትፎ አመሰገነ። የተነሡት ሐሳቦች በጣም ጠቃሚ ናቸው፣ እንደ ግብዓት ወስደናቸዋል አለ። በማግስቱ ጠዋት ቁፋሮው ካቆመበት ቀጠለ። ስንት ዓመት ልጆች አስተምሬ ብዙ ቃል አውቃለሁ፤ እንደ «ግብዓት» ያለ ሰውን ከነሕይወቱ የሚቀብር ቃል ግን አላጋጠመኝም።

የሚቀጥለው የገበያ ቀን ሲደርስ እናቴ ጋሪ ጠርታ የስፌት መኪናዋን አስጫነች። ወዴት ነው አልኳት፤ ወደ ሥራ አለችኝ። ገበያው መሀል፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ከመሬት በወጣው አፈር ጎን መኪናዋን አስቀመጠች። ጣቃ ከወዲያ በኩል የቀሯትን ጥቂት ጣቃዎች በአናቷ ተሸክማ መጣች፤ በጉድጓዱ ላይ ሳንቃ አጋድማ ተሻገረች። ሳንቃው ሲወዛወዝ እናቴ ሳትናገር እጇን ዘረጋችላት፤ ጣቃም ያዘችው፣ እንደተሻገረች ለቀቀችው። ከዚያ የታች ሰፈር ሽንኩርት ሻጭ መጣች። ከእኛ በኩል ጫማ ጠጋኙ ሣጥኑን ይዞ መጣ። እየቆየ የሳሙና ነጋዴው፣ ሻይ አፍይታ የምትሸጠው ሴትዮ፣ ሌሎችም መጡ። ሰዎቹ ሰላም አልተባባሉም። ዋጋ ግን ተጠያየቁ። ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው ካዩ በኋላ አንድ አንድ እያሉ ሻይ ሊጠጡ ሄዱ።

እኩለ ቀን አካባቢ ሊቀመንበሩ ጥበቃዎችን አስከትሎ ደረሰ። ይህ የግንባታ ቦታ ነው፣ ፈቃድ የላችሁም፣ ተነሡ አለ። እናቴ መኪናዋን መርገጥ አላቆመችም።

«ኮሚቴ ነሽ አላልከኝም?» አለችው። «ኮሚቴው ተሰብስቧል።»

በዙሪያዋ የነበረ ሰው ሳቀ። ከጦርነቱ ወዲህ የሁለቱ ሰፈር ሰው ባንድ ነገር ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሳቁ ግን አልቆየም። ከእኛ በኩል አንድ ጎረምሳ ከታች ሰፈር ልጅ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋጨ፤ ስድብ ተሰማ፣ አንዱ ድንጋይ አነሣ። አቶ ተሳትፎ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ ጥናትህ እውነት ሆነ ብዬ አሰብኩ። ነገር ግን ድንጋይ ያነሣውን ልጅ የያዘው ሊቀመንበሩ አልነበረም፣ ጥበቃዎቹም አልነበሩም፤ ጫማ ጠጋኙ ነው፣ የገዛ አጎቱ። ሌላውን ደግሞ ሽንኩርት ሻጯ በሸሚዙ ኮሌታ ጎትታ ከሚዛኗ ኋላ አስቀመጠችው። ሁለቱም ወገን የየራሱን ልጅ ያዘ። ጥበቃዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ሳያውቁ ቆመው ቆመው ሄዱ።

ቢሮው ቁፋሮው ለተጨማሪ ጥናት ቆሟል ብሎ አስታወቀ። ጉድጓዱን የሚደፍን ግን አልመጣም። ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ያዘና አንዲት አሮጊት ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ሰው አካፋ ይዞ ወጣ። ላዮቹ ከላይ ጫፍ፣ ታቾቹ ከታች ጫፍ ጀመሩ፤ መሀል ላይ ሲደርሱ ማን የመጨረሻውን አፈር ይጨምር የሚል ነገር ተነሥቶ ተኮራርፈው ነበር። በመጨረሻ ጣቃ በጫማዋ ገፋችው።

በኋላ እንግዶች ከሩቅ የቢሮውን ሥራ ሊጎበኙ ሲመጡ የሚሠራ ገበያ አገኙ። ቢሮው ያኔ ቆርቆሮ አመጣ፤ አንድ ጣሪያ፣ አንድ ገበያ ሆነ። በመግቢያው ላይ «በኅብረተሰቡ ተሳትፎ የተገነባ» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። የምረቃው ቀን ሊቀመንበሩ እናቴ ሪባን እንድትቆርጥ ሊለምናት መጣ። መቀሴ ለጨርቅ ነው አለችውና ሥራዋን ቀጠለች። እኔ ያን ሰሌዳ አውርጄ ልሰብረው አስቤ ነበር። እናቴ ጊዜሽን አታባክኚ፣ ጣሪያው አይፈስም አይደል ወይ አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ግን እስከዛሬ ባለፍኩ ቁጥር ቆሜ አነበዋለሁ።

የገበያው ሰዎች የራሳቸውን ኮሚቴ አቋቋሙ። ከሁለቱም ሰፈር ናቸው፣ እጅ ወጥቶ ነው የተመረጡት፣ ገበያው ሲበተን በባዶ ሣጥኖች ላይ ተቀምጠው ይነጋገራሉ። ነገራቸው ስለ ፍሳሽ፣ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ጥበቃ ተረኛ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ መጨረሻ ላይ እናቴ ልጄን ማን እንደመታው የሚያውቅ ይናገር አለች። ሰው ዕቃውን እየሰበሰበ ወደ ቤቱ ሄደ። በሚቀጥለውም ሳምንት ጠየቀች። በሚቀጥለውም። ይህችን ጉዳይ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ያደርጉባት ነበርና እናቴም እስከ መጨረሻ ትቀመጣለች።

አንድ ቀን የታች ሰፈር ፀጉር አስተካካይ ተነሣ። ያን ዕለት ሱቁን ከውስጥ ዘግቶ በስንጥቁ ያይ እንደነበር ተናገረ። ያየውን ነገረን፤ ስምም ጠራ። ጎረምሳው ከተማውን ለቆ ከሄደ ቆይቷል። ፀጉር አስተካካዩ ይህን የተናገረው በገዛ ወገኑ መሀል ቆሞ ነው። ከእኛ በኩል የድል ማጉረምረም ተነሣ፤ እንዲህ ነው እንጂ፣ ይውጣ እንጂ ተባለ።

እናቴ ወደ እኛ ዞረች።

«እሺ፣ አሁን የእኛ ተራ ነው። የጣቃን ቤት ማን አቃጠለ?»

ማጉረምረሙ ጠፋ። ከሰፈራችን ሰዎች አንዱ ሰዓቱን አየ። እናቴ ጠበቀች። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። በአቶ ተሳትፎ ተናድዳ አይቻታለሁ፣ በሊቀመንበሩ ተናድዳ አይቻታለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን ፊቷ ገርጥቶ አላየሁትም።

«ለካ ግንቡን የጠየቃችሁት እናንተው ኖራችኋል» አለች።

ያን ቀን ሰው ተነሥቶ ወደየቤቱ ሄደ። በሚቀጥለው ሳምንት ከእኛ ወገን ዳቦ ጋጋሪዋ፣ እጇ ላይ ዱቄቱ እንዳለ፣ መጥታ ቆመች። የገዛ ወንድሟ አብሯቸው ነበር፣ ጋዙን የተሸከመው እሱ ነው አለች። ሌሎቹን ስሞችም ጠራች። ከመሀላቸው የሊቀመንበሩ ልጅ ይገኝበታል። ጣቃ እስክትጨርስ አዳመጠቻትና፣ ባሌ ሲገባ አይቶት ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። ዳቦ ጋጋሪዋ አላውቅም፣ ጠይቄው እመጣለሁ አለች። ስትቀመጥ ከጎኗ የነበሩት ሰዎች ሣጥናቸውን ፈቀቅ አደረጉባት። እናቴ የራሷን ሣጥን አንሥታ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ስሞቹ ሁሉ፣ የታቾቹም የላዮቹም፣ ፍርድ ቤት ደርሰዋል። ፍርድ ቤቱ እያየሁት ነው ይላል፤ እናቴና ጣቃ እየተፈራረቁ እየሄዱ ይጠይቁታል።

ይህ ነገር ቢሮ ደረሰ። አቶ ተሳትፎ አንድ የገበያ ቀን መጥቶ ከሣጥኖቹ መሀል ቆመ። የሚያበረታታ ነገር ነው አለ፤ ተሞክሮውን ቀምረን ለሌሎች ከተሞች ማስፋፋት እንፈልጋለን፣ እኔም አብሬያችሁ ብቀመጥ አለ። ሰው ሁሉ ወደ እናቴ አየ።

«እዚህ የሚቀመጥ ሰው መጀመሪያ ያደረገውን ይናገራል» አለችው። «ስለ እኔ ለታች ሰፈር፣ ስለ እሷ ለላይ ሰፈር ያወራኸውን ተናገርና ተቀመጥ። ቦታ አለ።»

አንድ ሰው ባዶ ሣጥን ወደ እሱ ገፋለት። አቶ ተሳትፎ ሣጥኑን አየው፣ ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ ሌላ ስብሰባ እንዳለበት ተናግሮ ሄደ። እኛም ስለ ፍሳሹ መነጋገር ቀጠልን።